ከመኝታ ክፍላችን ስለሚሰማው ጩኸት

…የማሽኑን ከበሮ እንደ ታመመ ልጅ አቅፌ ወለሉ ላይ ተቀምጬ ነበር። ባትሪውን በጥርሴ ነክሼ ሆዱን ሳበራ ከጥጉ አንድ ነገር ብልጭ አለብኝና እጄን ሰደድሁ፤ ያን ጊዜ ነበር… ግን ይህ በኋላ የሚመጣ ነው። ሰላምታ ሳያስቀድሙ ወደ ጉዳይ መግባት በመንደራችን የደንብ መጽሐፍ በየትኛው ገጽ እንደተከለከለ አላስታውስም፤ መከልከሉን ግን አልጠራጠርም።

ለተከበሩ አቶ ጌለን ብራንድቮልድ
የግሬይኮቭ መንደር ነዋሪዎች ማኅበር ሊቀመንበር
ዱሉዝ

ክቡር ሊቀመንበር፣

እንደምን ሰነበቱ? ከሐይቁ የሚነሣው የመጋቢት ነፋስ ጉልበትዎን እንዳይጎዳው፣ በተለይም ጆሮዎን እንዳይነካው ከልብ እመኛለሁ፤ ጆሮዎ መላውን መንደር የሚያገለግል የጋራ ንብረት ስለሆነ አንድ ነገር ቢደርስበት የምንጎዳው ሁላችንም ነን። ውሻዎም ደኅና እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ። ጠዋት ጠዋት በእኛ በር ፊት ሲቆሙ ገመዱን እየጎተተ ቶሎ ለመሄድ የሚታገለው እሱ መሆኑን በመስኮት አይቻለሁና ምስጋናዬን ያድርሱልኝ።

ይህን ደብዳቤ የለጠፍሁት የእርስዎ ማስታወቂያ በተለጠፈበት ሰሌዳ ላይ፣ በፖስታ ሳጥኖቹ አጠገብ፣ ከጠፋችው ድመት ፎቶ በታች፣ ከቤተ ክርስቲያኑ የእራት ግብዣ ጥሪ በላይ ነው። ቦታውን ስለመረጡልኝ አመሰግናለሁ። እኔ ብሆን ኖሮ በር አንኳኩቼ በጆሮ እነግር ነበር፤ ይህም ለአስተዳደር ሥራ ምን ያህል እንዳልተፈጠርሁ ያሳያል።

ቅሬታዎቼን እንደ ሥርዐቱ በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ማስታወቂያው ቃል። «ከሰባት ቁጥር ቤት መኝታ ክፍል በቀን ብርሃን የሚሰማው ያልተለመደና ተደጋጋሚ ድምፅ» ብለው ጽፈዋል። ከዚህ ውብ ዐረፍተ ነገር ውስጥ «የልብስ ማድረቂያ» የሚሉት ሁለት ቃላት ለምን እንደቀሩ አልገባኝም፤ ወረቀት ለመቆጠብ ይሆናል። በማግስቱ ፖስታዬን ልወስድ ስወጣ አንድ ጎረቤት ከመኪናው መስኮት አንገቱን አውጥቶ፣ «በርታ እንግዲህ ኦሪን! በዚህ ዕድሜ! ምን እየበላህ ነው? ንገረንና እኛም እንሞክረው እንጂ!» አለኝ። ሚስቱ «ዝም በል፣ አንተ ባለጌ!» ብላ ትከሻውን መታችው፤ እየሳቀች። እኔ ምን አደረግሁ? ፈገግ አልሁ። ኮፍያዬንም ነካ አደረግሁ።

ክቡር ሊቀመንበር፣ ያን ፈገግታ እስከ አሁን ከፊቴ ላይ ማውለቅ አልቻልሁም። እውነቱ ከሚታወቅ ያ ሐሜት ተሻለኝ። ሰባ ዓመት ያለፈው ሰው፣ በቀን ብርሃን፣ ከመኝታ ክፍሉ… ይበሉ አልሁ። ይህን ያስቡልኝ አልሁ።

እውነቱን የምጽፈው ባለቤቴ አርዲስ ስለፈቀደችልኝ፣ ይልቁንም ስላዘዘችኝ ነው። «ጻፈው» አለችኝ ዛሬ ከሰዓት በኋላ። «ይወቁት። ማወቅ ምንም አይደለም። ማየት ነው ሌላ ነገር።» እንግዲህ፦ ቅጠሉ ሲረግፍ ካደረገችው ቀዶ ሕክምና ወዲህ አርዲስ ሽንቷን መቆጣጠር አትችልም። ሌሊት አልጋው ይረጥባል። ሲነጋ አንሶላውን አጥባለሁ፣ አደርቃለሁ፣ መልሼ አነጥፋለሁ። ያልተለመደውና ተደጋጋሚው ድምፅ ይኸው ነው።

ይህን መስመር ጽፌ ተነሥቼ በመስኮት ሐይቁን ሳይ ቆየሁ። በረዶው ከዳር ከዳሩ መሰነጣጠቅ ጀምሯል። ተመልሼ መጣሁ። መስመሩ አሁንም እዚያው አለ።

ሁለተኛ፣ ስለ ገመድ። እናቶቻችን አንሶላ ያደርቁ የነበረው በፀሐይና በነፋስ ነው፤ ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስም እስከ አሁን ከማንም ፈቃድ ጠይቆ አያውቅም። በመንደራችን ግን ከቤት ውጭ ልብስ ማስጣት «የመንደሩን ገጽታ ስለሚያጎድፍ» ክልክል ነው። ይህን አንቀጽ በጥብቅ ለመውቀስ ብዕሬን አንሥቼ ነበር፤ ችግሩ፣ የጻፈችው አርዲስ ናት። የማኅበሩ ጸሐፊ በነበረችበት ዘመን። «ገጽታ» የሚለው ቃል የእሷ ነው፣ «ስለሚያጎድፍ» የሚለውም። ስለዚህ በዚህ ቁጥር ሥር የማኅበሩን ጥፋት ከቤቴ ጥፋት ለይቼ ማቅረብ አልቻልሁምና ይቅርታ እጠይቃለሁ። ትናንት አንቀጹን ሳነብላት፣ «እንዴት ያለ አስቀያሚ ዐረፍተ ነገር ነው!» አለች።

«አንቺ ነሽ የጻፍሽው» አልኋት።

«አውቃለሁ። ያን ጊዜ የሰው የውስጥ ልብስ ማየት ያስጨንቀኝ ነበር።» ቀጥላም፣ «አሁን ደግሞ የራሴ» አለች።

ሦስተኛውን ለጊዜው ዘልዬዋለሁ። እርስዎን አይመለከትም።

አራተኛ፣ ስለ ሐሙሱ ፍተሻ። ድምፁ እስከ ሐሙስ ካልቆመ ፈቃድ ካለው ባለሙያ ጋር በአካል መጥተው ማሽኑን እንደሚመረምሩ በሁለተኛው ማስታወቂያዎ አሳውቀውናል። ለዚህ ትጋትዎ ምስጋናዬ የላቀ ነው። ነገር ግን ቤቶቻችንን የሠራው ሰው፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ለልብስ ማጠቢያና ማድረቂያ የሰጠው ቦታ መኝታ ክፍሉ ውስጥ ያለችውን ጓዳ ነው። እዚያ ለመድረስ አልጋውን ተጠግቶ ማለፍ ግድ ነው። ፍራሹ ላይ ያለውን ላስቲክ፣ ከሥሩ ያለውን ባልዲ፣ መስኮት ቢከፈትም የማይወጣውን ሽታ ሳያልፉ ማሽኑ ዘንድ አይደረስም። እርስዎን ደግሞ በሰንበት ትምህርት ቤት ያስተማረችው፣ አፍንጫዎን የጠረገችልዎ፣ አርዲስ ናት።

«ጌለን ያን አልጋ ካየ እኔ እዚህ ቤት አልኖርም» አለችኝ። «መጦሪያ ቤት ትወስደኛለህ። እዚያ ሁሉም ሰው እንደኔ ነው።» አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። የአርዲስ ጩኸት ያልፋል፤ በቀስታ የተናገረችው ግን ሁሌም ይፈጸማል፤ ለዚህም የማኅበርዎ የደንብ መጽሐፍ ምስክር ነው።

ስለዚህ ማሽኑ ከሐሙስ በፊት ዝም ማለት ነበረበት። ባለሙያ መጥራት አልቻልሁም፤ ባለሙያም ዓይን አለው። ራሴ ከፈትሁት።

ዕድሜዬን ሙሉ ጂኦግራፊ ያስተማርሁ ሰው ነኝ። የወንዞችን ምንጭ አውቃለሁ፤ የድምፅን ምንጭ ግን ፈልጌ አላውቅም። በስልኬ ላይ አንድ ጢማም ሰው ካቻቪቴውን እያወዛወዘ «በጣም ቀላል ነው ወገኖቼ» ይላል። ለእሱ ቀላል ነበር። ማሽኑን ከግድግዳው ነቀልሁ። ብናኝ የሚይዘውን ወንፊት መዝዤ ከሥሩ ያሉትን ብሎኖች ፈታሁ። ክዳኑን በቀለም መፋቂያ ገፋ ሳደርገው ዘሎ ተነሣ፤ የፊቱን ቆርቆሮ ሳወርድ ጠርዙ አውራ ጣቴን ቆረጠኝ። አርዲስ ምርኩዟን በጉልበቷ መካከል አቁማ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነበር።

«ብሎኖቹን በየተራቸው አስቀምጥ።»

«እያስቀመጥሁ ነው።»

«እንደ መጽሐፍ መደርደሪያው እንዳታደርገው።»

«መደርደሪያው ምን ሆነ?»

«ምንም አልሆነም። መጽሐፍ አይቀመጥበትም እንጂ።»

ይህን የምጽፈው እንዲያውቁት ነው፤ በዚያ ክፍል ውስጥ ይሳቅም ነበር። ያ ያልተለመደ ድምፅ ግን በማስታወቂያዎ ውስጥ አልተካተተም።

ማዞሪያውን ቺንጋ ከመወጠሪያው ላይ አላቅቄ ከበሮውን ጎትቼ አወጣሁት። ከሥሩ ብናኝ ተቆልሎ ነበር፤ ግራጫ፣ ለስላሳ፣ እንደ ድመት ሆድ የሞቀ። ከፎጣዎቻችን፣ ከሹራቦቻችን፣ ከአንሶላዎቻችን ጥቂት ጥቂት እየተላጠ እዚያ ሲከማች የኖረ። በእፍኝ እየዛቅሁ ሳወጣው ሰው የሚያየኝ መሰለኝና ዞር አልሁ። ያለችው አርዲስ ብቻ ናት።

ከበሮውን የሚሸከሙት ትንንሽ ጎማዎች አልቀው ነው ብዬ ነበር። ሳላሰልስ በየቀኑ ባልጭነው ኖሮ አያልቁም ነበር እያልሁ ስንት ጊዜ ራሴን ወቅሻለሁ። በጣቴ ሳሽከረክራቸው ደኅና ናቸው። ኩሽኔታው ደኅና ነው። ቺንጋውም አልተሰነጠቀም። ታዲያ ምንድን ነው የሚጮኸው? ያን ጊዜ ነው ባትሪውን በጥርሴ ነክሼ ወደ ውስጥ ያየሁት። በከበሮው ጠርዝና በኋለኛው ቆርቆሮ መካከል አንዲት የተጠመዘዘች ሽቦ ተሰንቅራለች፤ ከበሮው በዞረ ቁጥር እየፋቀችው የሚያብረቀርቅ ክብ አስምራበታለች። በፒንሳ ጎተትኋት። የተሰበረ እንጨት ይዛ ወጣች። የልብስ መቆንጠጫ።

በቤታችን የልብስ መቆንጠጫ የለም። ገመድ በሌለበት ቤት መቆንጠጫ ምን ይሠራል? ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርጌ ያዝኋት። አርዲስ መስኮቱን ማየት ጀመረች።

«ሌሊት ብቻ ነው ብዬህ ነበር» አለች።

«አዎ።»

«ሌሊት ብቻ አይደለም።»

እኔ ለመዘምራን ልምምድ ስወጣ እሷ የቤት ቀሚሷን በእጇ ታጥብ ኖሯል። ምርኩዟን ይዛ ወደ ምድር ቤት ትወርዳለች፤ ከማሞቂያው ምድጃ ጀርባ በወጠረችው ገመድ ላይ ታሰጣለች፤ ሳልመለስ አውርዳ ታጥፋለች። አንድ ቀን ስትቸኩል አንዷ መቆንጠጫ ቀሚሱ ጫፍ ላይ ቀረች፤ አልጋው ላይ ስታጥፈው ተላቅቃ ከአንሶላው ጋር ተጠቅልላ ማሽኑ ውስጥ ገባች።

«ደረጃውን?» አልኋት። «በዚያ እግር? ብትወድቂስ ማን ይሰማሻል?»

«ጌለን ይሰማኝ ነበር» አለች።

ሳቅሁ። ከዚያ ሳቁ መሀል ላይ ቆመብኝ። ክቡር ሊቀመንበር፣ የነገሩን ሰንሰለት እንደ እርስዎ ያለ የሥርዐት ሰው ያደንቀዋልና ልድገመው፦ ደንቡ ገመዱን ከደጅ አሳደደው፣ ገመዱ ምድር ቤት ተደበቀ፣ ከተደበቀው ገመድ መቆንጠጫዋ ወደቀች፣ መቆንጠጫዋ ጮኸች፣ ጩኸቷን ማኅበሩ ሰማ፣ ማኅበሩም ደንብ ይከበር አለ። እንዲህ በራሱ ላይ ሳይቆም የሚዞር አሠራር ከማድረቂያ ማሽን በቀር የትም አላየሁም። እንኳን ደስ ያለዎት።

ይህን ዐረፍተ ነገር ስጽፍ ደስ ብሎኝ ነበር። ሁለተኛ ሳነበው ግን አንድ ነገር ዘልያለሁ። አርዲስ ወደ ምድር ቤት የወረደችው ከማኅበሩ ተደብቃ አልነበረም። ማኅበሩ ምድር ቤታችንን አያይም። የተደበቀችው ከእኔ ነው። አንሶላውን ስገፍፍ ፊቴ ላይ ያየችው ነገር አለ። ምን እንደነበረ አልጠየቅኋትም። ሳነሣው ቀና ብዬ አላያትም፤ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞራለሁ፤ እንዳታፍር ብዬ። እንዳታፍር ብዬ እንደነበር እርግጠኛ ነኝ። ነበርሁ።

ማሽኑን መልሼ ገጠምሁት። አንድ ብሎን ተረፈኝ፤ የየት እንደሆነ አላውቅም፣ ኪሴ ውስጥ አለ። አንሶላውን አስገብቼ አስነሣሁት። ዞረ። እንደተኛ ሰው ትንፋሽ ያለ ድምፅ ብቻ። አርዲስ ጆሮዋን አዘንብላ፣ «እየሠራ ነው?» አለች፤ እጇን ቆርቆሮው ላይ አሳርፋ ሙቀቱ እስኪደርሳት ድረስ አላመነችኝም።

አሁን የዘለልሁትን ሦስተኛ ቅሬታ አቀርባለሁ። ይህ በእኔ ላይ የቀረበ ነው፤ አቅራቢውም እኔ ነኝ።

በግድግዳ የምንዋሰናት ዊላ ቶርቪክ ሌሊት ሆስፒታል ትሠራለች፤ የምትተኛው ቀን ነው። እኔ ማሽኑን የማስነሣው ቀን ነበር፤ ሰፈሩ ሥራ ሲሄድ፣ ማንም ሳይሰማ። ማንም ማለት ከዊላ በቀር ማንም ማለት ነው። በመጀመሪያው በረዶ ጊዜ፣ እሷ ከሥራ ስትመለስ እኔ ደጃፉን ስጠርግ፣ «ዊላ፣ ማሽናችን ይረብሽሽ ይሆን?» አልኋት። «ኧረ በጭራሽ፣ አቶ ኦሪን! ምንም አልሰማም» አለች። ከገና በኋላ ደግሞ መኪናዋ አጠገብ አገኘኋትና፣ «እውነቱን ንገሪኝ፣ አይረብሽሽም?» አልኋት። «ምን ችግር አለው፣ ምንም አይደል» አለች፤ ዓይኗ ግን ቀልቷል።

እርስዎም እኔም እዚህ ነው ያደግነው። በእኛ ዘንድ ሰው ሲጋበዝ ሁለቴ እምቢ ይላል፤ እሺ የሚለው በሦስተኛው ነው። ሲጠየቅም እንደዚያው፦ የመጀመሪያው መልስ ለጨዋነት ነው፣ ሁለተኛው ለጨዋነት ነው፣ እውነቱ ያለው ሦስተኛው ዘንድ ነው። ይህን ያላወቀ ልጅ በመንደራችን የለም። እኔ ሁለቴ ጠይቄ አቆምሁ። ረስቼ አይደለም። መልሱን ስለማውቀው ነው።

ትናንት ማሽኑ ዝም ካለ በኋላ ሄጄ በሯን አንኳኳሁ። ዝም ካለ በኋላ መጠየቅ ቀላል ነው፤ ይህም ይመዝገብልኝ። «ዊላ፣» አልኋት፣ «ማሽኑ ይረብሽሽ ነበር?»

ካፖርቷን እንደለበሰች ቆማ አየችኝ። «ይረብሸኝ ነበር» አለች። «በጣም። ሆስፒታሉ ጓሮ መኪናዬ ውስጥ የተኛሁበት ጊዜ አለ።» ከዚያ ፊቷ ቀላ። «ለማኅበሩ የነገርሁትም እኔ ነኝ፣ አቶ ኦሪን። ሦስተኛውን ይጠይቁኛል ብዬ ጠበቅሁ፣ ጠበቅሁ… እኔ እኮ የልብስ እጥበት ንግድ የከፈቱ ነው የመሰለኝ! ሁለት ሰው ይህን ሁሉ ልብስ ከየት ያመጣል እያልሁ…»

ነገርኋት። አፏን በጓንቷ ሸፈነች።

«አንዲት ቃል ቢነግሩኝ ኖሮ!» አለች።

«አንዲት ቃል ብትነግሪኝ ኖሮ» አልሁ።

«ይግቡ እንጂ፣ ብርድ ነው።» «አይ፣ እንቅልፍሽን አልሻማሽ።» «ኧረ ይግቡ።» «አይ፣ አርዲስም ብቻዋን ናት።» «ይግቡ፣ አቶ ኦሪን።» ሦስተኛው ነበር። ገባሁ። ከራት የተረፋት ሆትዲሽ፣ ያ ከድንችና ከሥጋ የሚጋገረው ምግባችን፣ ነበር፤ ከትሪው ላይ እየቆረስን ቆመን በላን።

ስለዚህ፣ ክቡር ሊቀመንበር፣ ከአራቱ ቅሬታዎቼ ከባዱ እርስዎን ባለመመልከቱ ቅር እንዳይሰኙ እለምናለሁ። በቀሩት ሦስቱ ግን ድርሻዎ ሙሉ ነውና ማንም አይሻማብዎትም። የእርስዎ ማስታወቂያ ባይኖር ያን ከበሮ አላወጣውም ነበር፤ የቤቴንም ምድር ቤት ሳላውቀው እኖር ነበር። ይህን ውለታዎን በምን እንደምመልስ አላውቅም። ቸርነትዎ ወሰን ባይኖረውም የቤቴ ግድግዳ ወሰን እንዳለው እያስታወስሁ፣ ለሐይቁ ነፋስ ደግሞ የማኅበሩን ገጽታ እንዲጠነቀቅ አደራ እያልሁ፣ ኮፍያዬን ከራሴ አውልቄ፣ ያን ፈገግታም አብሬ አውልቄ፣

አክባሪዎ፣ የድምፁ ባለቤት፣
ኦሪን ስሌተን
ከሰባት ቁጥር ቤት
ሐሙስ ማታ

ተጨማሪ፦ የዛሬውን እርስዎ ስለነበሩበት አይረሱትም፤ ይህን ሰሌዳ የሚያነቡ ጎረቤቶቻችን ግን አልነበሩምና ለእነሱ ስል እጽፈዋለሁ። ማሽኑ ዝም ማለቱን በስልክ ነግሬዎት ነበር። እርስዎ ግን ዝምታም መረጋገጥ አለበት ብለው መጡ፤ ከኋላዎ ባለሙያው ቦርሳውን ይዞ ቆሟል፣ ውሻዎ ወደ ቤቱ ገመዱን ይስባል። ልከፍት ስነሣ አርዲስ «ተቀመጥ፣ እኔ እከፍታለሁ» አለችኝ። ሰማያዊ ሹራቧን ለብሳለች። ጸጉሯን አበጥራለች። ምርኩዟን ግድግዳው ላይ አስደግፋ፣ ያለ ምርኩዝ፣ በሩን ከፈተች።

«ጌለን፣» አለች፣ «ግባ።»

«ኧረ አናስቸግርዎ፣ ወይዘሮ አርዲስ፣ እዚሁ ቆመን…» አሉ እርስዎ።

«ምን ችግር አለው፣ ግባ እንጂ።»

«አይ፣ ጫማችንም በረዶ ነው…» አሉና ጫማዎን ምንጣፉ ላይ መጥረግ ጀመሩ። አንደኛውን፣ ከዚያ ሌላኛውን። ባለሙያውም ቦርሳውን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። ሁላችንም ሦስተኛውን ጠበቅን። አርዲስ ወደ ጫማዎ አየች፤ ከዚያ ፊትዎን አየች፤ ትንሽ ፈገግ ያለችም መሰለኝ።

በሩን ዘጋችው።